ድንገተኛ የተባለችው ካርድ

«መቀሷ» የሚሏት በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሠርግ ጥሪ በሚሠራው ማተሚያ ቤት እንደ እሷ ወረቀት የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ሁለተኛው ምላሷ ነው፤ እሱም ያገኘውን አይምርም። አሁን ጡረታ ወጥታለች። እጇም ምላሷም ግን ጡረታ የሚባል ነገር አልሰሙም።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ በቅርቡ ያገባችው ሴት ልጇ ባለቀለም ወረቀት፣ ሪባንና ሙጫ በዘንቢል ሞልታ መጣች።

«እማዬ፣ ያንን የድሮውን የምግብ ሰሌዳ ሥሪልኝ። ሰውዬው ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ‹ማታ ምን እንበላለን?› ነው የሚለኝ።»

«ታዲያ መጠየቁ ምን ከፋ? የሚከፋው ሳይጠይቅ ውጭ በልቶ ሲመጣ ነው።»

የድሮው ሰሌዳ የወጥ ቤቱ በር ጀርባ ላይ ይንጠለጠል ነበር። የመቀሷ ባል ሞቶ ሁለቱን ልጆች ብቻዋን ስታሳድግ፣ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና፣ ሴቷ ሩዝ ስትል ወንዱ መኮሮኒ እያለ በየማታው ጦርነት ሆነ። እሷም ከማተሚያ ቤት የተበላሹ የሠርግ ፖስታዎች ለቅማ አመጣችና ካርቶን ላይ ለጠፈቻቸው፤ ለየቀኑ አንድ ኪስ መሆኑ ነው። የየምግቡን ስም በትንንሽ ካርድ ጽፋ፣ እንዳይቆሽሽ በግልጽ ፕላስቲክ ሸፈነችው። ሳምንቱ ሲያልቅ ካርዶቹን አውጥቶ እንደገና መደርደር ብቻ ነው። ልጆቹ እሑድ እሑድ እየተጋፉ ይደረድሩ ነበር። ያ ግፊያና ጫጫታ አሁን ቤቱ ጭር ሲል ይናፍቃታል።

ከሁሉም የምታምረው ካርድ ጠርዟ ወርቃማ፣ ሪባኗ ቀይ ነበር። ስሟ «ድንገተኛ» ነው። እሷን ኪስ ውስጥ የማስገባት ሥልጣን ደግሞ የእናት ብቻ። ድንገተኛ የወጣች ዕለት መብራት ጠፍቶ ሻማ ይበራል፣ ወለሉ ላይ አንሶላ ይነጠፋል፣ ዳቦ ጥርሳም በሆነው የካርድ መቀስ እየተቆረጠ ኮከብ ይሆናል። ኮከቡን ሻይ ውስጥ እየነከሩ መብላት ነው። ልጆቹ በደስታ ጣራ ይነኩ ነበር። ወሩ ተጋምሶ ደመወዟን ውሃ ሲበላው፣ ድስት ውስጥ የሚገባ ነገር ሲጠፋ ብቻ እንደምትወጣ ግን አያውቁም። መቀሷም ሆድ ይፍጀው ብላ እስከ ዛሬ ይዛዋለች።

እናትና ልጅ ቆረጡ፣ ለጠፉ፣ ተሳሳቁ። ሰባቱ ኪሶች ተደረደሩ። ሩዝ ተጻፈ፣ ምስር ተጻፈ፣ ድንች ተጻፈ።

«ድንገተኛስ?» አለች ልጅቷ።

«ረሳኋት» አለች መቀሷ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«እሷ የሌለችበት ሰሌዳ ምን ያደርግልኛል? ከልጅነቴ ሁሉ እሷን ነው የምወዳት።»

የፈራችውም ይኸንኑ ነበር። ልጇ ከሁሉ የወደደችው ማታ ከሁሉ የከፋው ማታ እንደነበረ ብታውቅ ምን ይቀርላታል? ቢሆንም እምቢ ማለት አልቻለችምና ወርቃማውን ወረቀት አነሳች። ልጅቷ ቀዩን ሪባን እየለካች ድንገት ቀና አለች።

«እማ፣ በድንገተኛ ቀን አብረሽን በልተሽ ታውቂያለሽ?»

«ከሥራ ቦታ በልቼ ነበራ የምመጣው!»

«ሌላ ቀን ግን ከሥራ በልተሽ መጥተሽ አታውቂም።»

መቀሱ ወረቀቱ መሀል ላይ ቆመ። ለሁሉ ጥያቄ ውሸት አዘጋጅታ ነበር፤ ለዚህ ግን አላዘጋጀችም። ልጅቷ የእናቷን ፊት አየችና ክው አለች።

«ዳቦው ለሦስት አይበቃም ነበር» አለች መቀሷ በመጨረሻ። «በሳቃችሁ ጠገብኩ ብልሽ ውሸት ነው፤ ይርበኝ ነበር። ግን ስትስቁ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ እውነት ነው።»

ልጅቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ያላለቀችውን ድንገተኛ ወስዳ የእሑድ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። ከወጥ ቤት ዳቦ አመጣች፤ ጥርሳሙን መቀስ አጥባ መቁረጥ ጀመረች። ኮከቡ ተንጋደደ። መቀሷ አመሏ ነውና «ጫፉን አበላሸሽው» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ልጅቷ ኮከቡን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

«ዛሬ ‹በልቼ መጣሁ› የለም።»

መቀሷ በላች።