መምህር ይመርና ማርሚታ የሌለው ሞተራቸው

መምህር ይመር ደፋር ሰው አልነበሩም። ባለፈው ሳምንት ደሴ ሆስፒታል ሕይወታቸው አልፎ አስከሬናቸው ከተማችን መካነ ሰላም ከገባ ጀምሮ በድንኳኑ ውስጥ የምሰማው ሁሉ «ፍርሃት የሚባል የማያውቁ ሰው ነበሩ» የሚል ነው። ሟችን ማሞገስ ደግ ነው፤ ያልነበራቸውን ስንሰጣቸው ግን የነበራቸውን እንቀማቸዋለን። እኔ ተማሪያቸው ነበርኩ፣ በኋላም በአንድ ትምህርት ቤት አብሬያቸው አስተምሬያለሁ፣ ቤቴም ከቤታቸው ሁለት አጥር ብቻ ነው የሚርቀው። ከእሳቸው የበለጠ የሚፈራ ሰው አላየሁም። በር ሲንኳኳ በመስኮት አጮልቀው ሳያዩ አይከፍቱም። መኪና ከደጃቸው ሲቆም ንግግራቸው ከመካከል ይቋረጣል፤ መኪናው ሲሄድ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ።

ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናሉ። ዓረብ አገር የሄዱ የከተማችን ልጆች ድምፃቸውን በካሴት ቀርፀው ለወላጆቻቸው ይልኩ በነበረበት ጊዜ፣ ቴፑ የተበላሸባቸው እናቶች ካሴቱን ከነቴፑ ይዘው ወደ እሳቸው ይመጡ ነበር። መምህር ይመር ጠግነው ሲጨርሱ በሌላ ካሴት ይሞክሩታል እንጂ የልጅቱን ድምፅ አይከፍቱም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «ለእናቷ የተላከ ነዋ» አሉኝ። ገንዘብ ሲሰጧቸውም «ልጅሽ ስትመጣ ሰላም ትበለኝ» ይሉ ነበር።

ሰላም ለማለት ከመጡት አንዷ ፋጡማ ናት። የቀድሞ ተማሪያቸው ስትሆን ጅዳ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። የአሠሪዎቿ ልጅ የጣለውን አንድ መጫወቻ አውሮፕላን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣችላቸው። መጫወቻ ይባል እንጂ ክንፉ ከሰው ቁመት ይረዝማል፤ በጎማ ፈንታ እንደ ጀልባ የሚንሳፈፉ ሁለት እግሮች አሉት፤ ከውሃ ተነሥቶ ውሃ ላይ ያርፋል፤ መሬት ላይ የቆመ ሰው በሬዲዮ ሞገድ ይነዳዋል። ሞተሩ ብቻ በባሕር ጨው ተበልቶ ድንጋይ ሆኗል። መምህር ይመር ያን ጊዜ ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ የሳሉት ነገር እቤታቸው ገባ።

ዘመኑን ላስታውሳችሁ። የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ካለፈ ብዙ አልቆየም፤ ሰው ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ስለ ዝናብ እንኳ ሲያወራ ግራና ቀኝ የሚያይበት ጊዜ ነበር። «በሬዲዮ የሚበር ነገር አለኝ» ማለት ራስን አስሮ ማቅረብ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ዕቃውን መልሰው በብርድ ልብስ ጠቀለሉና አልጋ ሥር ከተቱት። እሳቸው አወጡት። እንደገና ከተቱት። እንደገና አወጡት።

ሞተር መምረጡ ወራት ፈጀ። ሁለት ነበሩ። አንዱን ፋጡማ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ከጅዳ ልትልክላቸው ቃል ገብታለች፤ በባትሪ የሚሠራ፣ ከጡጫ ያነሰ፣ ድምፁ ከንብ የማይበልጥ። ሌላው ደሴ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ያገኙት የሣር ማጨጃ ሞተር ነው፤ ቤንዚን ከዘይት ጋር ተደባልቆ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይንቀጠቀጣል። በዕውቀት ከሄድን ምርጫው ግልጽ ነው። በኛ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ባትሪ ግን ይህ አይነካውም። በዚያ ላይ ውሃ እግሮቹን ሙጭጭ አድርጎ ስለሚይዝ ከውሃ የሚነሣ አውሮፕላን ትርፍ ጉልበት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ የሣር ማጨጃውን ሲመርጡ አረጁ አልኩ። ማርሚታውን፣ ማለትም የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነውን ቆርቆሮ፣ ፈትተው ሲጥሉት ደግሞ አበዱ አልኩ።

«መምህር፣ በዚህ ዘመን ሰው ድምፁን ይደብቃል እንጂ ያስጮኻል?»

በሩን ዘጉ፤ መስኮቱንም ዘጉ፤ ከዚያ በሹክሹክታ ነገሩኝ። በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድማቸው የጽሕፈት መኪና ነበረው። ማመልከቻ ይጽፍ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም፤ ግን ስለፈራ መኪናውን በጋቢ ሸፍኖ ይመታ ነበር። ጎረቤት የሰማው የታፈነ ድምፅ ነው። ተጠቆመ፤ ሄደ፤ አልተመለሰም። «በረንዳ ላይ ቢመታ ኖሮ ዛሬ ሽማግሌ ነበር» አሉኝ። «ሰው የሚጠቁመው ያልገባውን ሹክሹክታ ነው። ጩኸትንማ ይሰድበዋል እንጂ አይጠቁመውም።»

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ፣ በግቢያቸው ጠረጴዛ ላይ ያን ሞተር አስረው አስጮኹት። ገበያው ሰማው፣ ጽሕፈት ቤቶቹ ሰሙት፣ አህያ ደነበረ። ይህም አልበቃቸውም። አጥር የሚጋሩትን እማማ ዘይነባን ሊለምኑ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ።

«እማማ፣ እባክዎ ቀበሌ ሄደው ይክሰሱኝ።»

«ምን አልክ?»

«የሞተሩ ጩኸት በጠበጠኝ ብለው በጽሑፍ ይክሰሱኝ። ወረቀቱን እኔ እገዛለሁ።»

«ኧረ አንተ ይመር፣ ጤናም የለህ! ሰው ዱዓ አድርጉልኝ ይላል እንጂ ክሰሱኝ ይላል? ጎረቤቴን ከስሼ በምን ዓይኔ አስካለን አያለሁ? ወላሂ አላደርገውም!»

«ጩኸቱ አልበጠበጠዎትም?»

«እሱማ ገደለኝ! ዶሮዬ እንቁላል መጣል ካቆመች ሰነበተች!»

«እሱኑ ይበሉልኛ።»

እንቢ እንዳሉ ቆዩ። በአራተኛው ቀን፣ ለመምህሩ ሲሉ ይሁን ለዶሮዋ ሲሉ አላህ ያውቃል፣ አስጽፈው በጣታቸው ፈረሙና አስገቡ። ቀበሌው ማኅተም መትቶ ተቀበለ።

አውሮፕላኑ የበረረው ለመስኖ ተብሎ ተቆፍሮ ለከብት መጠጫ በቀረው ኩሬ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ሰው ተሰብስቧል። ሞተሩ ጮኸ፤ አውሮፕላኑ ውሃውን እየሰነጠቀ ዳር ደረሰ፤ አልተነሣም። ሁለተኛም አልተነሣም። በሦስተኛው አንደኛው እግር ለቀቀ፣ ሌላው ለቀቀ፣ ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ እኩል ወጣ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ያያል። መምህር ይመር ወደ መንገዱ ያያሉ። እጃቸው መቆጣጠሪያውን ይዞ ይንቀጠቀጣል፤ ክንፉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። አንድ ዙር ዞሮ ውሃ ላይ ከማረፉ የደኅንነት ሰዎች መኪና መጣችና ይዛቸው ሄደች።

በያዟቸው አሥራ ዘጠኝ ቀናት ምን እንደጠየቋቸው በኋላ ነግረውኛል። «በዚህ ሬዲዮ ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?» «ከክንፉ ጋር።» «አትቀልድ!» «ጌታዬ፣ እኔ ስፈራ መቀለድ አልችልም።» ከዚያ ያን ሁሉ ወር ያዘጋጁትን መልስ ሰጡ፦ የምደብቀው ነገር ቢኖረኝ ዝምተኛውን ሞተር እመርጥ ነበር፤ የመረጥኩት ከተማ ሙሉ የሚሰማውን ነው፤ ከተማውን ጠይቁ።

ከተማውን ጠየቁ። ሁለት ሰዎች ደብተር ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። የሞተር ድምፅ ሰምታችኋል? ባለ ሱቁ አልሰማም። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አልሰማም። ትናንት «ይኼ ሰውዬ ጆሯችንን በላው» ሲል የነበረ ሁሉ «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ። መስማት ራሱ ወንጀል መሰለን። የእኔ በር ላይም መጡ። እኔ መጻሕፍት የማነብ፣ ስለ እውነት የምጽፍ ሰው ነኝ፤ «ቤት ስገባ ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ አልሰማሁም» አልኩ። ጻፉት። መምህር ይመር ሁሉን አስበው ነበር፤ የሳቱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእኛን ፍርሃት በራሳቸው ፍርሃት ለኩት። እሳቸው ሲፈሩ እውነቱን ይናገራሉ። እኛ ስንፈራ እንደነቁራለን። የከተማው መልስ ተሰብስቦ ሲቀርብ ነገሩ ከፋ፦ ማንም ያልሰማው ከሆነ በድብቅ ነው የተሠራው ማለት ነው።

ሰዎቹ እማማ ዘይነባ ቤት ሲመጡ እሳቸው ከላላ ወደሚባለው ወረዳ ለለቅሶ ሄደው ነበር። በበቅሎ ተመልሰው የሆነውን ሲሰሙ ሳይቀመጡ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደው ኃላፊው ፊት ቆሙ።

«አልሰማንም ያለው ማነው? ሦስት ሳምንት ሙሉ ሶላቴን ያፈረሰብኝ ሞተር አይደለም እንዴ!»

«እና በጊዜው ለምን አልተናገሩም፣ እናቴ?»

«ከስሻለሁ እኮ! መሳቢያህን ፈትሽ!»

ተፈተሸ። ማመልከቻው ማንም ሳያነበው ከነማኅተሙ ተገኘ፤ ቀኑ ከበረራው በፊት ነው። ወረቀቱ ለመርማሪዎቹ ደረሰና በማግስቱ ፈቷቸው። አውሮፕላኑን ክንፉ ተሰብሮ በማዳበሪያ ከረጢት መለሱላቸው፤ መምህር ይመር አልጠገኑትም። የሰው ቴፕ መጠገን ግን አልተዉም፤ የእኔንም ጭምር።

መምህር፣ ከወጡ በኋላ ለዓመታት በየጠዋቱ ባርኔጣዎን አንሥተው ሰላም አሉኝ እንጂ ያን ቀን ምን እንደመለስኩ አንድም ጊዜ አልጠየቁኝም። ያውቁ ነበር፤ መርማሪዎቹ ደብተሩን አንብበውልዎት ነበር። ይቅርታ ልጠይቅዎት ብዬ ደጅዎ ድረስ መጥቼ ስለ ቤንዚን ዋጋ አውርቼ የተመለስኩበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁን እነግርዎታለሁ፤ ሰምቼ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰምቼ ነበር። ይሂዱ እንግዲህ መምህሬ፤ ከዚህ በኋላ ማንም ምንም አይጠይቅዎትም።

ወይዘሮ አስካለ ግን እዚሁ ናቸው፤ በእያንዳንዳችን ቤት ምን ተብሎ እንደተጻፈም ያውቃሉ። በአርባቸው ቀን ኑ፤ ሳትቀመጡ፣ እህል ሳትቀምሱ፣ ፊታቸው ቆማችሁ «ሰምተን ነበር» በሏቸው።