ያቋረጥኩት ዝምታ

ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳጣጥፍ ነበር ስልኬ የጮኸው። እዚህ ሎግያ እሑድ ረፋድ ላይ ግድግዳው ሳይቀር ያተኩሳል፤ ነጠላው በላቤ እጄ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ። የደወለችው ቦንጋ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት።

«የዘፋኙ ልጅ አረፈች አሉ። ትናንት አዲስ አበባ ተቀበረች።»

ነፍስ ይማር ከማለቴ በፊት ተናደድኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ዕድሜዋን ሙሉ መድረክ ላይ ቆማ፣ ስትሞት እንኳ የዘፋኙ ልጅ! ቀብሯ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ለእህቴ ሰው ልኮላት ኖሮ አነበበችልኝ። ትወናን ከአባቷ ወረሰች ይላል። ተመልካች ሁሉ የሚያደንቅላት ያ መድረክ ላይ ዝም የምትለው ነገር፣ እሱም የአባቷ የትንፋሽ ጥበብ ነው ይላል።

«ቦንጋስ?» አልኳት።

«ቦንጋማ የለም» አለችኝ።

የለም! እስቲ እኔ ልንገራችሁ።

ቦንጋ የመጣችው ስድስተኛ ክፍል ሳለን ነው። እናቷ አዋላጅ ነርስ ነበሩ፤ ከዘፋኙ ሲለያዩ ልጃቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የአባቷ ካሴት ያልገባበት ሻይ ቤት፣ ያልዘፈነበት የጅማ አውቶቡስ አልነበረም። ትምህርት ቤት ገና በሩን ሳታልፍ «አንቺ፣ እስቲ አንዴ አንጎራጉሪልን!» ይሏት ነበር።

«አባቴ ያለው እናንተ ቤት ነው፤ ገልብጡትና አዝፍኑት» ትላቸዋለች።

እውነቱን ለመናገር መዝፈን አትችልም። ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ላይ አጠገቤ ከቆመች ዜማውን እኔንም ታሳስተኝ ነበር። መተወን ግን! ዘጠነኛ ክፍል ስንደርስ የአማርኛ መምህራችን የቲያትር ክበብ አቋቋሙ፤ እሷ ተዋናይ፣ እኔ ቁጥብና ቃል የማልስት ነኝ ተብዬ መድረክ አስተዋዋቂ ሆንኩ።

የምንለማመደው በከተማው አዳራሽ ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ የቦንጋን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ጠብቆ ይመጣና ጣሪያውን ሲደበድበው አጠገባችሁ ያለው ሰው የሚለው አይሰማም። አዳራሹ እርጥብ ሹራብ፣ እርጥብ ሹራብ ይሸታል። ሁላችንም የአንገታችን ሥር እስኪገተር እንጮሃለን። እሷ ብቻ ታቆማለች። ዝናቡ እስኪሰክን ዓይኗን አንድ ቦታ ተክላ ትጠብቅና፣ ጋብ ሲል ዝቅ ባለ ድምፅ ትናገራለች። ያኔ ሁላችንም ሳናውቀው ወደ እሷ አዘንብለን እንገኛለን።

«ምን ያስጮኸኛል? እሱ ይናገር፤ ተራዬን እጠብቃለሁ» ትል ነበር።

የአባቷ ትንፋሽ ይሉልኛል እንግዲህ!

ቲያትሩ የአንዲት የማንኪራ መንደር ሴት ታሪክ ነው። ባሏ ቀፎ ሊሰቅል ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ወድቆ ይሞታል፤ በመጨረሻው ክፍል ሚስቲቱ ለእናቱ መርዶውን ልትናገር ትመጣለች። ያንን የመጨረሻ ንግግር ልምምድ ላይ አንድም ቀን አልጨረሰችውም። መምህሩ የጻፉትን ትታ የራሷን ልትናገር አስፈቅዳለች፤ ምን እንደምትል ስንጠይቃት «በዕለቱ ትሰሙታላችሁ» ትለናለች።

በዕለቱ አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። መጨረሻው ክፍል ሊጀመር ሲል በጓሮው በር አንድ ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ የደፋ ሰው ገባ። ካሴቱ ላይ ካለው ፎቶ ስለማውቃቸው ደነገጥኩ። አባቷ ናቸው። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«የኔ ልጅ፣ እንዳትነግሪያት። ቁጭ ብዬ ልያት ብዬ ነው ከጅማ የመጣሁት።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ከኋላው አግዳሚ ወንበር ጥግ ላይ ተቀመጡ።

እሷ መድረኩ ላይ ወጣች። አማቷን ሆና ከምትጫወተው ልጅ ፊት ቆመች። ዝናቡ ጣሪያውን ይወቅጣል። እሷም ዝም አለች። አዳራሹ ሁሉ ዝም አለ፤ ሕፃን እንኳ አላለቀሰም።

ይኼኔ ዝግጅቱን የሚመሩት ሰውዬ መጋረጃው ጀርባ ድረስ መጥተው ክንዴን ያዙኝ። «ልጅቷ ቃሉ ጠፍቷታል፣ አታዪም እንዴ? አባቷ እዚህ ናቸው አሉኝ። የክብር እንግዳ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ምን እንባላለን? ውጪና አስተዋውቂ፤ እሷንም ከውርደት አድኛት!»

ቃሉ እንዳልጠፋት አውቃለሁ። ቃል መግባቴንም አውቃለሁ። ግን ታላቅ ሰው አዝዞኝ እንቢ ብዬ አላውቅም፤ ያደግሁት እንደዚያ ነው። ወጣሁና አባቷን አስተዋወቅሁ።

ከዚያ በኋላ ቲያትር የለም። ሕዝቡ አጨብጭቦ፣ ተሸክሞ ሊባል በሚችል ሁኔታ እሳቸውን መድረክ ላይ አወጣቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዘፈን። እሷ በመርዶ ነጋሪ ልብሷ ጥግ ላይ ቆማ እንደ ማንኛውም ሰው ታጨበጭብ ነበር።

መውጫው ላይ «ታውቂ ነበር» አለችኝ።

«አዘዙኝ እኮ…»

«እሱም እኮ ሊያየኝ ነበር የመጣው» አለች።

ከዚያም በኋላ ጓደኛዬ ነበረች፤ አዲስ አበባ ገብታ ስሟ ሲወጣም ለበዓል ትደውልልኝ ነበር። ያንን ቀን ግን አንስታብኝ አታውቅም። አባቷ አንድም ቀን ቁጭ ብለው ሳያዩዋት ሞቱ። ለንስሐ አባቴ ስናገር «ይኼ ኃጢአት አይደለም ልጄ» አሉኝ። ኃጢአት ቢሆንማ ቀኖና ተቀብዬ በተገላገልኩ።

አሁን ለአርባዋ ያንኑ የሕይወት ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ሊያሳትሙት ነው። ስለዚህ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠላችሁም፣ እባካችሁ መጽሐፉ ሳይታተም እናቷ ዘንድ ሂዱ። ዝም ማለትን እዚያ፣ ከእኛ ጋር፣ ከዝናብ እንደተማረች ንገሯቸው። መምህሬ፣ በሕይወት ካሉ እርስዎም ይመስክሩላት።

አማቷን ሆነሽ የተጫወትሽው አንቺ ደግሞ፣ የት እንዳለሽ አላውቅም። እኔ ላስተዋውቅ ስወጣ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር፤ አይቻለሁ። ከሁላችንም የቀረብሻት አንቺ ነበርሽ። ከአፏ የወጣ ነገር ከሰማሽ፣ ግማሽ ቃልም ቢሆን፣ ስለ እመቤታችን ብለሽ ንገሪኝ።