ጓደኛዬን አሞት ነው

በጤና ጣቢያው ኮሪደር መጨረሻ ያለችው ክፍል በሯ ላይ ምንም አልተጻፈም። ቀድሞ «የአባላዘር ሕክምና» የሚል ሰሌዳ ነበራት። ሰሌዳው በተሰቀለበት ወር አንድም በሽተኛ ዝር አላለም፤ በሽታው ግን አንድ ቀን ከሥራ አልቀረም። የክፍሏ ነርስ፣ ሲስተር፣ ወንበር ላይ ወጥታ ሰሌዳውን በገዛ እጇ አወረደችው። አለቃዋ ሲቆጣ፣ «ጌታዬ፣ እኔን የቀጠራችሁኝ ሰው እንዳክም ነው፤ በር አላክምም» አለችው።

እዚያች ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ጉልበቷ ደረጃ ይጠላል፤ የመነጽሯ እጀታ በፕላስተር ተጠግኗል። ስም አትጠይቅም። ለመጣው ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ትሰጣለች። ስሙን የተጠየቀ ይዋሻል፤ መዋሸት ከጀመረ ደግሞ የት እንዳመመውም ይዋሻል ባይ ናት።

ወንዶቻችንን ታውቋቸዋላችሁ። ጥርሱን ሲያመው ሰፈር የሚያምሰው ጀግና፣ ከወገቡ በታች ሲያመው ድምፁ ይጠፋል። ሽንቱ እንደ እሳት እያቃጠለው፣ መግሉ ሱሪውን እያበላሸው፣ «ፀሐይ መትታኝ ነው» ይላል። ምስኪን ፀሐይ! ጨብጥ ስታስተላልፍ ያያት የለም። ያው ያልታከመ ጨብጥ የሚስቱን ማህፀን ጎድቶ ልጅ ሲከለክላት፣ «መካን ናት» ብሎ የሚፈርደውም ይኸው ዳኛ ነው።

ሲስተር ግን አትሰድባቸውም። መሳደቡን ለእኔ ትታልኛለች። እሷ «ግባ ልጄ» ነው የምትለው።

አንድ ሰኞ፣ ፀጉሩ ላይ ፍቅፋቂ እንጨት የተሰካበት አናጢ በሯን ገፋ አደረገ።

«ጓደኛዬን አሞት ነው።»

«እህ፣ ምኑን?»

«እዚያ... ቁስል ወጥቶበት ነበር። አላመመውም። አሁን እንዲያውም ደርቋል።»

«ቂጥኝ ሳይሆን አይቀርም። ቁስሉ ቢደርቅም በሽታው ደም ውስጥ ይቀመጣል፤ ካልታከመ ከዓመታት በኋላ ልብና አንጎል ይጎዳል። በል ጓደኛህ ነገ መጥቶ ደሙን ይታይ» ብላ ዐሥራ ሰባት ቁጥርን ሰጠችው።

ይህን የሰማ ወንድ ሁሉ በማግስቱ አንገቱን ደፍቶ «ጓደኛዬ ያልኩሽ እኔው ነኝ» ይላታል። አናጢያችን ግን ብልጥ ነው። የእውነት ጓደኛውን ላከ።

ዐሥራ ሰባት ቁጥርን ይዞ የመጣው ቀለም ቀቢ ነበር። ደሙ ተመረመረ።

«ደምህ ንጹሕ ነው» አለችው ሲስተር ግራ ገብቷት። «እስቲ ሱሪህን ዝቅ አድርግና ቁስሉ የነበረበትን ልየው።»

ቀለም ቀቢው ቀበቶውን በሁለት እጁ ጨመደደ። «ኧረ ሲስተር! የላከኝ ሰው ደም ስጥልኝ እንጂ ሱሪ አውልቅልኝ አላለኝም!»

ሲስተር ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋ ተቆረጠ።

«ላኪህ ሚስት አለችው?»

«አለችው እንጂ። ስድስት ወሯ ነው፣ ነፍሰ ጡር ናት።»

ጉልበቷን ረስታ ወጣች። አናጢው ግቢው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«ነፃ ነኝ አይደል?»

«ጓደኛህ ነፃ ነው። አንተና ቤተሰብህ ግን ገና አልታያችሁም» አለችና አጠገቡ ተቀመጠች። «ስማኝ ልጄ። ይህ በሽታ ከእናት ወደ ጽንስ ያልፋል። ሕፃኑ ሞቶ ሊወለድ ይችላል፤ ቢተርፍም ታሞ።»

አናጢው አመድ መሰለ። «የልጁን አልጋ እኮ ሠርቼ ጨርሻለሁ... ከነገርኳት ትተወኛለች፣ እትዬ።»

«ትተውህ ይሆናል። ለትዳርህ መድኃኒት የለኝም፤ ለልጅህ ግን ፔኒሲሊን አለኝ። ነገ ጠዋት ይዘሃት ና።»

«አንቺ ንገሪልኝ።»

«እኔ መርፌ ነው የምወጋው። አፉ ያንተ ነው።»

በማግስቱ ይዟት መጣ። ከሲስተር ጠረጴዛ ፊት ቆሞ፣ እየተንተባተበ፣ ሁሉንም ነገራት። ሚስቱ አልጮኸችም። ወደ እሱም አላየችም።

«ልጄ ይድናል?» ብላ ሲስተርን ጠየቀች።

«ጊዜ አለን እህቴ። መርፌው ላንቺም ለሆድሽም ይደርሳል።»

የሁለቱም ደም ቂጥኝ ተገኘበት። ሦስት ሳምንት፣ በየሳምንቱ፣ እኩል ተወጉ። እሷ በአግዳሚው አንድ ጫፍ፣ እሱ በሌላው ጫፍ ይቀመጡ ነበር፤ መሐላቸው አራት ሰው ያስቀምጣል። ሲስተር አላስታረቀችም፤ ቀጠሮ እንዳያልፍ ብቻ ጠበቀች።

ሴት ልጅ ተወለደች። ተመረመረች፤ ደህና ናት። ሲስተር ማዋለጃ ክፍል ገብታ ስታቅፋት፣ በመርፌዋ ስንቱን ወንድ ያንቀጠቀጠች ሴትዮ እንደ ሕፃን አፏን አሞጥሙጣ ታወራ ነበር። አናጢው ከሚስቱ አልጋ ግርጌ ተገትሯል፤ እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበ፣ ሚስቱን አየ።

ሚስቱ እጆቹን አየች።

«መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አለችው።

አናጢው ወደ ቧንቧው ሮጠ።