የመጀመሪያው ዱቄት

ሰቆጣ መብራት ሳይገባ፣ ወፍጮው በናፍጣ በሚሠራበት ጊዜ ነው። ሞተሩን የሚያስነሱት ወንዶች ናቸው፤ ድንጋዩ ሲለሰልስ ግን በመዶሻ የምትወቅረው ሌላ ማንም ሳይሆን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የምትሠራው ሴት ናት። ጉልበቷን ድንጋዩ ላይ ተክላ፣ በኽምጣኛ እየተሳደበች ስትቀጠቅጠው የሰው አንገት የያዘች ትመስላለች። ፍንጣሪው ጉንጯን ሲበጣው ደሙን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ትቀጥላለች።

የፊት ጥርስ የላትም። አንድ ቀን ወረፋ ስጠብቅ ምን ሆና እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ያ ሽማግሌ ባሌ ነዋ! አገሬ ደሃና ሳለሁ ቂጣው ውስጥ ጠጠር ነከስሁ ብሎ፣ በምፈጭበት መጅ አፌን አለኝ።"

አዲስ ከተወቀረ ድንጋይ የሚወጣ ዱቄት አሸዋ አለበት። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ መናኛ እህል ትፈጭና ውጭ ትደፋዋለች። "ጥርስ ይፈጃል" ትለናለች።

አንድ የገበያ ቀን ወቅራ እንደጨረሰች አንድ ሽማግሌ ገብስ በአህያ ጭነው መጡ።

"ከደሃና ነው የመጣሁት፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ እባካችሁ ቶሎ ሸኙኝ" አሉ።

ድምፃቸውን ስትሰማ እጇ ቆመ። ጥርስ አልባ አፏን ለመሸፈን ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና፣ "አባቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ" አለች። መናኛውን እህል በእግሯ ገፋ አድርጋ የሳቸውን ገብስ ወፍጮው አፍ ውስጥ ገለበጠችው።

ወረፋ የያዝነው ሴቶች ሁላችንም አየን። ጆንያችንን ገፋ አድርገን መንገድ ለቀቅንላቸው።

ሽማግሌው ዱቄታቸውን ጭነው ሲወጡ "እጅሽ ይባረክ ልጄ!" ብለው ሳቁላት። ያን ዕለት ጥርሳቸው ገና ሙሉ ነበር።