አስራ አንድ ገጽ ዘልዬ መርሳ ደረስኩ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ተኩል፣ ወልድያ መናኸሪያ

ረዳቱ "ሞልቷል፣ ልንወጣ ነው" ካለ ሃያ ደቂቃ አልፏል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው ግን ስድስት ሰዎች ነን። ጭኔ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ መቶ ገጽ ወረቀት ይዣለሁ። ከጣልያንኛ የተረጎምኩት መጽሐፍ ነው። ጣልያን አገር ረግጬ አላውቅም፤ ቋንቋውን ከመዝገበ ቃላትና ከስልኬ ነው የለቀምኩት። ቀኑን ቢሮ ማኅተም ስመታ እውልና ከሥራ መልስ መጽሐፉ ውስጥ ካለ አንድ የጣልያን ቤተሰብ ጋር እኖራለሁ። እናትየው ልብስ ታሰጣለች፣ ልጅቱ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ማንበብ ትማራለች፣ አባትየው ጓሮው ያለውን ኮምጣጣ ብርቱካን ይሰድባል። ጦርነት የለበት፣ ግድያ የለበት፤ ማን ይገዛዋል ያላለኝ ሰው የለም። እኔ ግን በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አላውቅም።

ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። ከዚያ በፊት ግን መርሳ ላሉት የአማርኛ አስተማሪዬ ለጋሽ አያሌው የሰጠሁት ቃል አለ። ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያ መጽሐፌን ሳይሰሙት እንዳላሳትም ካስማሉኝ ቆይተዋል። እሳቸው ይሁን ካላሉ ሰኞ የሚባል ቀን የለም።

አንድ ሰዓት፣ ሲሪንቃ

ሾፌሩ ስለ ወረቀቱ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

"ጣልያንኛማ እኔም እችላለሁ" አለና መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ጣቱን ይቆጥር ጀመር። "ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ጋቢና።"

ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ ቋንቋው ቀርቶበት ፍሬኑን ቢያስጠግን እንደሚሻል ነገሩት። ሾፌሩ መጽሐፉ ውስጥ መኪና ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ብስክሌት ብቻ ነው ስለው የሥነ ጽሑፍ ፍቅሩ እዚያው በረደ። ከእርሻ ምርምር ማዕከሉ አጠገብ ቆምን። ማሽላው አስፋልቱን ሊነካ ደርሷል፤ ሴቶች የተቀቀለ በቆሎና ቲማቲም በመስኮት ያቀብላሉ። በቆሎዬን እየጋጥኩ ቀጠልን።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መርሳ

መርሳ በጠዋቱ ይሞቃል። ከመንገዱ ዳር ፓፓያና ማንጎ ተከምሯል፤ የብርቱካን ዋጋ ሻጯ የፊትህን ድካም አይታ የምትወስነው ነው። ጋሽ አያሌው በራቸው ላይ ጠበቁኝ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ችግኝ ሻጭ ናቸው፤ ጓሮው በጥቁር ፕላስቲክ የተሞላ አፈርና ለጋ ብርቱካን ነው። እንቁላል ፍርፍርና ፓፓያ አቀረቡልን።

"ሳትዘል ነው የተረጎምከው?" አሉ ጋሽ አያሌው።

"አንድ መስመር አልዘለልኩም።"

ቶሎ ብዬ ፓፓያ ጎረስኩ።

እስከ ስድስት ሰዓት አነበብኩ። ጋሽ አያሌው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ደስ ባላቸው ቁጥር ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ። እትዬ የሺ ችግኝ ውኃ እያጠጡ እነዚህ ሰዎች ዓርብም ሥጋ ይበሉ እንደሆነ ጠየቁኝ። ይበላሉ ስላቸው አዘኑ፤ ልጅቱን ግን ወደዷት። መጨረሻው ላይ አባትየው ሞቷል፤ ያደገችው ልጅ ቤቷ ተመልሳ ከጓሮው ብርቱካን ቀጥፋ ትበላለች፣ ጣፋጭ ነው፣ ታለቅሳለች። ጋሽ አያሌው ዓይናቸውን ጠረጉ። ምርቃቴ መጣ ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

"ቆይ እስቲ" አሉ እትዬ የሺ። "ያ ብርቱካን ኮምጣጣ አልነበር?"

"ነበር።"

"ታዲያ ምን አጣፈጠው?"

ዛፉ ሲያረጅ ይሆናል አልኩ።

"ኮምጣጣ ብርቱካን ሲያረጅ አሮጌ ኮምጣጣ ነው የሚሆን። ጣፋጭ ዝርያ ያዳቀለበት ሰው አለ። እሱን የት አደረስከው?"

ያዳቀለው አባትየው ነው። ታሞ ሳለ፣ አንድ ጠዋት፣ ከልጁ ጋር፣ በአስራ አንድ ገጽ። ቢላዋ፣ ቅርፊት፣ ማሰሪያ፤ አንባቢ ይሰለቻል ብዬ ቆረጥኩት። እውነቱ ግን ሥራው ስላልገባኝ ነው። ልጅቱን የሚያስለቅሳት ያ ጠዋት ነበር፤ እኔ ጠዋቱን አውጥቼ ለቅሶውን ግን እዚያው ትቼዋለሁ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። አፈርኩ።

ጋሽ አያሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ክፍል ውስጥ ገጽ ዘለህ ስታነብ ምን ነበር የማደርግህ?"

"ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ ነበር።"

"እንግዲያው ተነስ" አሉኝ።

ሰባት ሰዓት፣ ጓሮ

እትዬ የሺ አንድ የኮምጣጣ ብርቱካን ችግኝ ፊቴ አቁመው ቢላዋ ሰጡኝ።

"መጀመሪያ ቢላዋህን ጥረግ።"

ጠረግሁ። ከጣፋጭ ብርቱካን ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አዲስ ቀንበጥ የሚወጣባትን ዓይን ከነቅርፊቷ መላጥ፤ የችግኙን ቅርፊት ሰንጥቆ ዓይኗን ማስገባት፤ በፌስታል ቁራጭ ማሰር። ሲናገሩት ቀላል ነው። ጋሽ አያሌው በርጩማቸውን አስጠግተው የምሠራውን እያንዳንዱን ነገር በአማርኛ እየተናገርኩ እንድሠራ አዘዙኝ፤ ቃል ሲያጥረኝ እትዬ የሺ ያቀብሉኛል። የመጀመሪያዋን ዓይን ከነእንጨቷ ቆረጥኳት፤ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ተባልኩ። ሁለተኛዋ አፈር ላይ ወደቀች። በሦስተኛው አውራ ጣቴን ቆረጥኩ፤ እትዬ የሺ ደሜን ንጹሑ ቢላዋ ላይ እንዳላንጠባጥብ አስጠነቀቁኝ። አራተኛዋ ገባች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ማሰሪያውን ስፈታ ዓይኗ አረንጓዴ ከሆነች ይዛለች ማለት ነው። ከደረቀችስ አልኩ።

"ትደግመዋለሃ። አብሽር፣ ችግኝ ሞልቷል።"

ጋሽ አያሌው አልመረቁኝም። ችግኙን አሸክመው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ።

አስራ አንድ ሰዓት፣ ወልድያ

የጠዋቱ ሾፌር ነው የመለሰኝ። ችግኙ የሰው ቦታ ይዟል ብሎ አስከፈለኝ፤ አልተከራከርኩም። ቤቴ ገብቼ ችግኙን መስኮቱ ሥር አቆምኩና ከጣልያንኛው መጽሐፍ በእርሳስ የሰረዝኳቸውን አስራ አንድ ገጾች ገለጥኩ። አባትየው ብርድ ልብስ ደርቦ ጓሮው ውስጥ ተቀምጧል፤ ቢላዋውን ለልጁ ያቀብላታል። እዚህ መስመር ላይ ባለፈው ዓመት ትልቅ ኤክስ አድርጌበታለሁ።

ለማተሚያ ቤቱ ደውዬ ሰኞ እንደማልመጣ ነገርኳቸው። ከዚያ በታሰረ አውራ ጣቴ እስክሪብቶ ይዤ አባትየው የሚለውን ጻፍኩ፦ "መጀመሪያ ቢላዋሽን ጥረጊ።"

መዝገበ ቃላቱን አልከፈትኩም።