ለእናት ተብሎ የተዋጠ ክኒን

የእርስ በርሱ ጦርነት አብቅቶ ቤይሩት እንደ አዲስ በምትገነባበት ዘመን፣ እኛ ሐበሾች ከስቶ አገር ቤት መግባትን እንደ ነውር እናየው ነበር። እናት አውሮፕላን ማረፊያ ቆማ መጀመሪያ የምታየው ጉንጭ ነዋ! ስለዚህ አንዳንዶቻችን ጉዞ ሲቃረብ ኮርቲዞን የሚባል ክኒን እንውጣለን። ፋርማሲው ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ ፊት በጥቂት ሳምንት ድቡልቡል ይላል፤ ኸላስ፣ በቃ፣ "ተመችቷታል" ይባላል።

ጓደኛዬ ለፋሲካ ልትሄድ ነበር። እሷ ማዳሟ ቤት አድራ ትሠራለች፤ እኔ ጃል ኤል ዲብ ክፍል ተከራይቼ በተመላላሽነት አጸዳለሁ። እሑድ እሑድ እኔ ጋ ትመጣለች። ክኒኑ ደስ ስላሰኛት ለወራት ገፋችበት። ፊቷ ሙልሙል ዳቦ አከለ፣ ሆዷ ላይ ወይን ጠጅ ሰንበር ወጣ፣ እግሯ ግን ቀጠነ። "አንቺ፣ ይሄ ውፍረት አላማረኝም" ስላት "ቅናት ነው" ብላ ትስቅብኛለች። ቅናት! እኔ!

አንድ እሑድ እንደ ልማዴ በሩ ላይ እቅፍ አድርጌ ከመሬት ላነሳት ስል ጎኗ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ጮኸች። ቀስ አድርጌ አልጋው ላይ አስቀመጥኳት። በማግስቱ ማዳሟ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ በአረብኛው እኔ እሻላለሁና አብሬ ገባሁ።

ሐኪሟ የተሰበረውን የጎን አጥንት በራጅ አሳየችን። "ያኒ፣ ማለቴ፣ የምትውጪው ክኒን ሆርሞን ነው፤ ሰውነታችን ራሱ በልኩ ይሠራዋል" አለች። "ሲበዛ ግን ሴል ውስጥ ዘልቆ ጂኖችን ያዛል። አጥንት ይሠራ የሚሉትን ዝም ያሰኛል፤ አጥንት ለሚበላው ሴል ደግሞ ዕድሜ ያራዝምለታል።" ጓደኛዬ "ዛሬውኑ እጥለዋለሁ" ስትል ሐኪሟ ጠረጴዛውን መታች። ሰውነቷ የራሱን ሆርሞን መሥራት ስለተወ፣ በአንድ ጊዜ ብታቆም ለሞት ሊያደርሳት ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም ቁጥጥር፣ ቀስ በቀስ፣ በወራት ነው። ጉዞው ወደ እንቁጣጣሽ ተገፋ።

"እስከዚያማ እከሳለሁ! እናቴ ስታየኝ በድንጋጤ ትሞትብኛለች" አለችኝ።

"እናትሽ የምትፈልገው አንቺን ነው እንጂ ጉንጭሽን አይደለም!" ብዬ ጮህኩባት።

ከዚያ ወዲያ አልለቀቅኳትም። ክኒኑን ወሰድኩባት፤ ሐኪሟ ያዘዘችውን ብቻ በየእሑዱ የሳምንቱን ቆጥሬ እሰጣታለሁ። ጠዋት ጠዋት ጀማይዜ ሰፈር ከማጸዳው ምግብ ቤት እየደወልኩ "ዋጥሽ?" እላታለሁ። ለአጥንትሽ እርጎ ብዪ ስላት "ጾም ነው" ትላለች፤ እሺ፣ የሰሊጥ ጠሂኒ ይዤላት ከች! መራመድ አጥንት ያበረታል ስለተባልን፣ ስብራቱ ሲሻላት "ያላ፣ ተነሺ" ብዬ ባሕሩ ዳር አስኬዳታለሁ። ስትሰድበኝ ትውላለች፤ ትሄዳለች ግን። ጉንጯ ሲጎድል መስታወት ፊት ቆማ ታለቅስ ነበር። አንዳንዴ እኔም አብሬ አለቀስኩ። "አንዲት ብቻ ጨምሪልኝ" ስትለኝ ግን አልጨመርኩላትም።

አዲስ ዓመት ሲደርስ ከስታ ሄደች። ከሳምንት በኋላ ደወለች።

"እናቴ ‹ምነው ልጄ፣ ምን አደረጉሽ?› ብላ አገር ይያዝልኝ አለች።"

"አንቺስ ምን አልሻት?"

"መናገሪያ መቼ ሰጠችኝ! እንዴት አድርጋ እንዳቀፈችኝ ብታዪ፤ ካንቺ ትብሳለች። ትንፋሽ አሳጠረችኝ።"

"ጎንሽስ?"

"ምንም አልሆነ" አለችኝ። "እኔም ጭምቅ አደረግኳት።"