ከባሳ ቀጥሎ ያለው ስም

ከአስራ አንደኛ ክፍል መጻሕፍቴ ስር ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ ደብተር አለ። ስከፍተው ዛሬም የተቀቀለ ቦይና፣ ጎደሬ ማለቴ ነው፣ የሚሸተኝ ይመስለኛል። እናቴ “አፍንጫሽ ነው” ትለኛለች። ይሁን። እኔ ግን ደብተሩን አፍንጫዬ ሥር ባደረግኩ ቁጥር አሁን ከምንኖርበት ከሶዶ ተነስቼ ቦዲቲ፣ አያቴ ግቢ፣ እንሰቱ ጥላ ስር ቁጭ እላለሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው እዚያ ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ለትምህርት ቤታችን ከውጭ አገር አሮጌ መጻሕፍት በካርቶን መጡ። አብዛኞቹን የሚነካቸው አልነበረም፤ እኔ ግን አንዱን ወደድኩት። መሃሉ ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ የያዘ የዘር ግንድ ተስሎበታል። መምህራችን ሲያስረዱኝ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከኖርማንዲ ባሕር ተሻግረው እንግሊዝ አገር የገቡ መኳንንት ናቸው አሉኝ። ላይ ጫፍ ጋሻ የያዘ ሰውዬ አለ፤ ከሱ ስር ልጆቹ፣ ከነሱ ስር የልጅ ልጆቹ። ወንዶቹ ሁሉ ወይ ሮጀር ናቸው ወይ ዊልያም። ሴቶቹ ጋ ስንደርስ ግን ብዙ ቦታ “ሴት ልጅ” ብቻ ነው የሚለው።

መጽሐፉን ተውሼ ለአባባ ወሰድኩላቸው። አባባ የምንለው አያታችንን ነው። ማንበብ አይችሉም፤ ዘር በመቁጠር ግን የሚወዳደራቸው አልነበረም። እኛ ጋ ጎሳው አንድ የሆነ አይጋባም። ስለዚህ ልጅ ሊድር ያሰበ ሁሉ በጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ አባባን ይጠይቅ ነበር። በጣቴ እየጠቆምኩ አነበብኩላቸው።

“ዊልያም ዊልያምን ወለደ? ስም አልቆባቸው ነው?” አሉ።

ቀጥዬ አንዱ ሮጀር የአጎቱን ልጅ እንዳገባ ስነግራቸው ዳጣ ሊያስነኩት የነበረውን ቦይና መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። “እህቱን? የሚቆጥርላቸው አንድ ሽማግሌ እንኳ አጥተው?”

ሳቅን። ግርጌው ላይ ግን መስመሩ ይቆማል። መምህሬ የነገሩኝን ነገርኳቸው። የመጨረሻው ሰውዬ ሦስት ሴቶች ልጆች ብቻ ነበሩት፤ ርስቱን ለሦስት ተካፈሉት፣ ቤቱም እዚያ ላይ አበቃ። የአባባ ሳቅ ጠፋ። ያላቸው ወንድ ልጅ አባቴ ብቻ ነው። አባቴ ደግሞ ያለው እኔና ሁለቱ እህቶቼን ነው።

“እስቲ የኛንም ሳዪ” አሉኝ በመጨረሻ።

ከራሳቸው ጀምረው ወደ ላይ ቆጠሩልኝ። ሻንካ፣ ላላ፣ ዶጌ፣ ባሳ፣ ፎላ፣ አንጁሎ፣ ጎዳና። ድንጋይ በድንጋይ እየረገጡ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ነበር የሚቆጥሩት፣ ሳያቋርጡ። በሰማያዊው ደብተሬ ላይ ጎዳናን ጫፍ አድርጌ፣ እየወረድኩ አባቴ ጋ ደረስኩ። “እኔስ?” አልኳቸው።

“አንቺማ የሰው ቤት ነሽ፣ ልጄ። ሴት እዚህ አትቆጠርም።” በቁጣ ቢሉት ይሻለኝ ነበር። ፀጉሬን እየዳበሱ ነው ያሉት። ከአባቴ ስር ያለውን ቦታ ባዶውን ተውኩት። መቁጠሩን ግን አልተውኩም፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ አብረን እንቆጥር ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ታናሿን አክስቴን ሊጠይቁ ከቤሌ ሽማግሌዎች መጡ። ሁለቱ ወገኖች አባቶቻቸውን ቆጥረው የትም እንደማይገናኙ ማረጋገጥ አለባቸው። እንግዶቹ ቆጥረው ጨረሱ። ተራው የአባባ ሆነ። “ሻንካ፣ ላላ፣ ዶጌ፣ ባሳ…” አሉና ቆሙ። “ባሳ…” አሉ እንደገና።

አንዱ እንግዳ ጉሮሮውን ጠረገ። አባቶቹን ቆጥሮ ያልጨረሰ ቤት የሚደብቀው ነገር አለ ተብሎ ይታማል፤ ጋብቻውም እዚያው ይቀራል። አክስቴ ከመጋረጃው ጀርባ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆማለች። አባቴ እንዳይናገር አባባን በእንግዳ ፊት ማረም ሊሆንበት ነው፤ አንገቱን ደፋ። እኔ የቦይናውን ሳህን ይዤ በሩ ጋ ነኝ። ልጅ ሽማግሌ መሃል አይናገርም። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ።

“ፎላ” አልኩ።

አባቴ ቀና ብሎ፣ እንግዶቹ ይሂዱና ታያለሽ በሚል ዓይን አየኝ። አባባ ግን ወደ እኔ ዞሩ። “ማን አልሽ?”

“ፎላ፣ አባባ። ከዚያ አንጁሎ፣ ከዚያ ጎዳና።”

“እዚህ ቤት ዘር የምትቆጥረው ሴት ልጅ ናት እንዴ?” አሉ ከቤሌ የመጡት ትልቁ ሽማግሌ።

“አዎ” አሉ አባባ። “እናንተ ጋ የለችም?”

ሽማግሌው ሲስቁ ሁሉም ሳቀ። አክስቴም ተዳረች።

እንግዶቹ እንደወጡ አባባ ደብተሩን አስመጡኝ። “ከአባትሽ ስር ጻፊ።”

“ማንን?”

“ዛሬ የቆጠረውን።”

ሕይወት ብዬ ስሜን ጻፍኩ። እርሳሱን በጣም ስለተጫንኩት ወረቀቱ ትንሽ ተቀደደ። ዘንድሮ የአማርኛ መምህሬ ድርሰቴን ክፍል ውስጥ ሲያነቡልኝ ጆሮዬ ድረስ ፈግጌ ነበር፤ የዚያን ቀኑን ደስታ ግን አያክልም። እርሳሱን ሳላስቀምጥ ቀጠልኩ። “ደግሞ ምን ትጽፊያለሽ?” አሉኝ። እህቶቼን ነው አልኳቸው። ገጹን በመዳፋቸው ዳሰሱት። “ጻፊ እንግዲህ። ወረቀቱ ሰፊ ነው።”

አባባ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። እንሰቱ አለ፤ ስሩ የሚቀመጥ ግን የለም። ያኔ ዘር ሊያስቆጥር የፈለገ በእግሩ ይመጣ ነበር፤ አሁን ስልክ ይደውላል፣ የሚደውለውም ለእኔ ነው። ባለፈው ሳምንት አክስቴ ከቤሌ ደወለች። መዋዕለ ሕፃናት የገባው ልጇ የእናቱን ዘር አስጽፎ እንዲመጣ ታዟል። “ቁጠሪለት” አለችኝ። ደብተሩን ሳልከፍት ጀመርኩ። ሻንካ፣ ላላ፣ ዶጌ፣ ባሳ…

እዚህ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ።

“ረሳሽው እንዴ፣ ሕይወትዬ?” አለችኝ አክስቴ።

አልረሳሁም። አባባ “ማን አልሽ?” እስኪሉኝ ነው።